የድንቢጥ እግርና አሥራ ሁለት እሁዶች

ድንቢጥ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከኳስ ሜዳ ስትመለስ፣ እንደ ወትሮዋ በሩን በእግሯ ገፍታ «እማዬ፣ ምን ሆነ መሰለሽ!» እያለች አልገባችም። ቀስ ብላ ገባች። ጫማዋን አወለቀች፤ ከጓዳ የፕላስቲክ ሳፋ አወጣች፤ ከባልዲው ውሃ በኩባያ እየቀዳች እግሯን ታርስ ጀመር። ሳሙና አልነካችም። ታርሳለች፣ ሲደርቅ ታያለች፣ እንደገና ታርሳለች።

እናቷ የልጅቷን ዩኒፎርም እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመችና፣ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለቻት።

«እግሬን እርጥብ እያደረግሁት ነው።»

«ለምን?»

«አጎቴ እግረ ደረቅ ናት አለኝ። ዛሬም ተሸነፉ፤ ሦስተኛ ጊዜ ነው። እኔ ስመጣ ነው የሚሸነፉት። ይቺን ገደ ቢስ ከሜዳ አውጡልኝ አለ፤ ሁሉም ሳቁ።» ኩባያውን እንደገና ሞላች። «እማዬ፣ ስንት ጊዜ ቢረጥብ ነው የሚበቃው?»

ድንቢጥ የቤት ስሟ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰውነቷ እፍኝ አይሞላም፣ አፏ ግን አያርፍም። አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ይውላል። እሁድ ደግሞ የሰፈሩን የኳስ ቡድን ያሠለጥናል፤ ሰፈሩም በሙሉ «አሰልጣኝ» ነው የሚለው። ክፉ ሰው አይደለም። ልጅቷን ገና ዳዴ ሳትል በትከሻው ይዟት የዞረ እሱ ነው። ግን ቡድኑ ሲሸነፍ ደሙ ይፈላል፣ ደሙ ሲፈላ ደግሞ አፉ ይቀድመዋል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ ቃሉን ጥሎት ሄደ፤ ልጅቷ ግን አንሥታ ይዛው ቤቷ ገባች።

እናትየው መጀመሪያ ያሰበችው ጫማዋን አጥልቃ ወንድሟን ደጃፉ ላይ ማፋጠጥ ነበር። ቀጥሎ የመጣላት «ውሸቱን ነው» ብላ ልጅቷን ማቀፍ ነበር። ሁለቱንም ተወችው። ድንቢጥን ታውቃታለችና። ያቺ ልጅ መድኃኒት እንኳ «እንደሚያድነኝ እንዴት አወቅሽ?» ሳትል አትውጥም። «ውሸቱን ነው» ብትላት «እንዴት አወቅሽ?» መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱ ደግሞ የላትም።

ሴትየዋ በሸሚዝ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች እናታቸው ሞቱ፤ ወንድሟ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ደብተሯን ዘግታ ፋብሪካው ገባች፤ ክር ስትቆርጥ አራት ዓመት፣ ቁልፍ ስትተክል ሦስት ዓመት ሠራች። ከዚያ አንድ አሮጌ ተቆጣጣሪ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራውን አስተማሯት። «ዓይን የወደደውን ነው የሚያየው» አሏት። «ከላይ ያለውን ሸሚዝ አታንሺ፤ ያማረውንም የከፋውንም አትምረጪ። ዕጣ አውጪና ዕጣው ያለሽን አንሺ።» እሷም ከአምስት መቶ ሸሚዝ ሃምሳውን በዕጣ ታወጣለች፤ ሃምሳውን ስፌት በስፌት ታያለች፤ ስለ አምስት መቶው ትፈርማለች። ሠራተኛው «ሃምሳ» ብሎ ሰይሟታል። «ተነሡ፣ ሃምሳ መጣች!» ይባባላሉ።

ሳፋውን ከልጅቷ ፊት አነሣችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እውነት ይሁን ውሸት እኔም አላውቅም» አለቻት።

ድንቢጥ ዓይኗ ፈጠጠ። እናት እንዲህ ስትል ሰምታ አታውቅም።

«አላውቅም ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። እኔ ሥራ ቦታ ያልከፈትኩትን እሽግ ደህና ነው ብዬ አልፈርምም። ብልሹ ነው ብዬም አልፈርምም። ይሄንንም እንከፍተዋለን፤ እኔና አንቺ።»

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ፋብሪካው የጣላቸውን የሸሚዝ ቁልፎች አስፈቅዳ በከረጢት ይዛ መጣች፤ ሃምሳ ነጭ፣ ሃምሳ ጥቁር። እራት ሲነሣ ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ወጣ።

«ሳታዪ አንድ አውጪ። ጻፊውና መልሺው። ደግሞ አውጪ።»

ድንቢጥ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ሥራዋን ያዘች። ነጭ። ጥቁር። ነጭ። ነጭ። ከዚያ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር። አምስተኛው ላይ ንብ እንደነደፋት እጇን መዠረጠችው።

«ነጩ አልቋል!»

«ቁጠሪያ።»

ዘርግፋ ቆጠረች። ሃምሳ ነጭ ቁጭ ብሏል።

«ታዲያ ከረጢቱ ጠላኝ?»

«ከረጢት ሰው ይጠላል?»

«አይጠላም።» ትንሽ አሰበች። «ግን የጠላኝ ይመስላል።»

«እሱን ያዢልኝ። የሚመስለውና የሆነው ለየቅል ናቸው።»

ማክሰኞ ተራው የሳንቲም ሆነ። በአንድ ወረቀት ላይ ሃያ ጊዜ ወርውራ የወጣውን እንድትጽፍ፣ በሌላው ላይ ደግሞ ሳትወረውር ከጭንቅላቷ ፈጥራ እንድትጽፍ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን እንዳትናገር አዘዘቻትና እሷ ከገመድ ላይ ልብስ ልታነሣ ወጣች። ተመልሳ ሁለቱን ወረቀት አየት አድርጋ አንዱን አነሣች።

«ይሄ የፈጠርሽው ነው።»

«አጮልቀሽ አይተሻል!»

«አላየሁም። እዚህኛው ላይ ቁጥርም ሆነ ምስል ከሁለት ጊዜ በላይ ተከታትሎ አልወጣም። አንዱ ሲወጣ ለሌላው ተራ ሰጥተሽዋል። ዕድል እንዲህ ጨዋ አይደለችም፤ ሲያሻት አራት አምስቴ ትደጋግማለች።»

ድንቢጥ ወረቀቶቹን አገላብጣ አየች። «እና ሦስት ጊዜ መሸነፍ...»

«ሦስት ጊዜ መሸነፍ ብቻውን ምንም አይነግረንም። እግርሽ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። ገና ነን።»

አባትየው የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ነው ቤት የሚያድረው። በስልክ ሲሰማ ሳቀ። «ለሰባት ዓመት ልጅ ስታትስቲክስ? ኧረ መጀመሪያ ማባዛት ትወቅ!»

«ማባዛቱን ትደርስበታለች» አለችው ሚስቱ። «ገደ ቢስ ነኝ ብላ ካደገች ግን እሱን የሚያካፍልላት የለም።»

ቅዳሜ ጠዋት የልጅቷን እጅ ይዛ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። ጎሚስታው የተነፋ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሮ እያዟዟረ አረፋ ይፈልግ ነበር። አጠገቡ ሽማግሌው አናጺ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የቡድኑን ውጤት በሱቃቸው በር ላይ በጠመኔ የሚጽፉ እሳቸው ናቸው።

«ቀዳዳው የት እንዳለ ሳታውቅ ትለጥፋለህ?» አለችው እህቱ፣ ሰላምታውን ሳታስረዝም።

«እብድ ነኝ እንዴ፣ እትዬ? ነክሬ አይቼ ነዋ።»

«ታዲያ ይቺ ልጅ ላይ ስም ስትለጥፍ መቼ ነከርካት?»

አናጺው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አሰልጣኝ ልጅቷን አየ፣ ጎማውን አየ፤ አንገቱን አከከ። ቢሆንም የመጣችባቸውን ጨዋታዎች በቅባት በጠቆሩ ጣቶቹ እያጠፈ ቆጠረ፦ በዳቦ ጋጋሪዎቹ ተሸነፍን፣ በሹፌሮቹ ተሸነፍን፣ ባለፈው እሁድ በግንበኞቹ ተሸነፍን።

«መጥታ ያሸነፋችሁበትስ?» አለችው እህቱ፤ ድንቢጥ ይዛው የመጣችውን ደብተር ከፈተች።

«እሱማ... የለም።»

«እንዴት የለም?» አሉ አናጺው። «አምና ጡብ ሠሪዎቹን ሦስት ለአንድ ስንረታ ይቺው ልጅ በጩኸት ጆሯችንን አልበሳችውም?»

«ያኔ ነበረች እንዴ?»

እናትየው ወደ ልጇ ዞረች። «አየሽ? የሸነቆጠው ትዝ ይለዋል፣ ያስደሰተው ግን ጠፍቶበታል። ስለዚህ ያለፈውን ትተን ከነገ ጀምሮ እንቆጥራለን።» ለወንድሟም ነገረችው፦ ከቀሩት ጨዋታዎች አሥራ ሁለቱን ይይዛሉ። እሁድ እሁድ ሳንቲም ይወረወራል። ቁጥር ከወጣ ድንቢጥ ሜዳ ትሄዳለች፣ ምስል ከወጣ ቤት ትቀራለች። ማንም አይመርጥም።

«በቡድኔ ላይ ቁማር ልትጫወቺ ነው?»

«አንተ በልጄ ላይ ተጫውተህ የለ? እግሯ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ከሜዳ የማስቀራት እኔው ነኝ። ካልሆነ ግን ቃልህን በሰሙት ሰዎች ፊት ትመልሳለህ።»

እህቱን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ አልተከራከረም። «እሺ፣ ታይዋለሽ» አለ፤ ለድንቢጥ ግን ከኪሱ ከረሜላ አወጣላት። አልተቀበለችውም።

የደብተሩ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ያየሽውን ጻፊ፣ የመሰለሽን አትጻፊ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት እሁዶች አለፉ። ሳንቲሙ ድንቢጥን ሦስት ጊዜ ላካት፣ ሦስት ጊዜ አስቀራት። የሄደችባቸውን ሦስቱንም ተሸነፉ። በቀረችባቸው ሁለቱን አሸነፉ፣ አንዱን እኩል ወጡ።

በስድስተኛው እሁድ ማታ ልጅቷ እራቷን ሳትጨርስ ሳህኑን ገፋችው። «በቃ፣ ነኝ ማለት ነው» አለች። አላለቀሰችም። የእናትየውን አንጀት የበላው ይኸው ነው፤ ማልቀሷን ብትሰማ ይሻላት ነበር።

ሳንቲሙን ጓዳ ወርውራ «ተይው፣ ጨዋታ ነው» ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፋብሪካው ውስጥ ቆጠራው ሲከፋበት ቆጠራውን የሚያስቆም አለቃ ስንት ጊዜ አይታለች፤ ስንት ጊዜስ ታግላዋለች! በልጇ ፊት እንደዚያ ሰው ልትሆን አልፈለገችም።

«አጎትሽን አውቀዋለሁ» አለች፣ ሳህኑን ወደ ልጅቷ እየመለሰች። «እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ትምህርቴን ጥዬ ነው ያሳደግሁት።»

«ባትጥዪውስ ኖሮ አያድግም ነበር?»

 እናትየውን ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

«እሱን መሞከር አይቻልም» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሆነው።»

«እና አታውቂም?»

«አላውቅም።» ይቺኛዋ «አላውቅም» ከፊተኛዋ ከበደቻት። ቀና ብላ ደብተሩን ሳበችው። «የሚሞከረውን ነው የምንሞክረው። አምጪው እስቲ፣ የጻፍሽውን ልየው።»

እስከዚያ ቀን ያየችው ውጤቱን ብቻ ነበር። አሁን የልጅቷን ፊደል ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «አጎቴ ዞሮ አየኝ። አጎቴ ዞሮ አየኝ። በረኛውን ተቆጣው። አጎቴ ዞሮ አየኝ። አሥር ቁጥርን አስወጣው። ገና ጎል አልገባብንም። አሥር ቁጥር ጫማውን መሬት ላይ ወረወረ። አጎቴ ዞሮ አየኝ።» ሦስቱም ጨዋታ እንዲሁ ነው።

በማግሥቱ አናጺውን ጠየቀቻቸው፦ ልጅቷ በሌለችበት ቀን አሰልጣኝ ከእረፍት በፊት ስንት ሰው ይቀይራል? «አንድም» አሉ። «ስትኖርማ ሲጋራውን እንዳጣ አጫሽ ይቁነጠነጣል።»

«ድንቢጥ» አለቻት እናቷ፣ «ሁለት ነገር ተደባልቆብናል። አንደኛው እግርሽ ነው። ሌላው ምንድን ነው?»

ልጅቷ የእርሳሷን ጫፍ እያኘከች ቆየች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ዓይኑ! እኔን ሲያየኝ ነው የሚበላሸው!»

«ይመስላል። ግን?»

«...መምሰል አይበቃም።»

«የስፌት መኪናዬ ክር ሲበጥስብኝ መርፌውንም ክሩንም አንድ ላይ አልቀይርም። አንዱን ቀይሬ አያለሁ። እንዴት እንለያቸው?»

ዘዴውን የፈጠረችው ድንቢጥ ናት፤ እናቷ እስከ ዛሬ ይህንን ሳትናገር አታልፍም። «እግሬ ይሂድ፤ እሱ ግን አይየኝ» አለች። የአናጺው ሱቅ ላይኛው ክፍል የእንጨት ማከማቻ ነው፤ በቀጭን ጣውላ ርብራብ በተሸፈነው መስኮቱ ሜዳው ሙሉ ይታያል፣ ከሜዳው ግን ማንም ወደ ውስጥ አያይም። ቁጥር ሲወጣ እዚያ ትደበቃለች፤ ምስል ሲወጣ ቤት ትቀራለች።

እናትየው ወንድሟን አልዋሸችውም። «ከእንግዲህ ትኖር ይሆናል፣ ላትኖርም ትችላለች፤ አታውቅም» አለችው። «አንተ ገድ በደሜ ይሰማኛል ትል የለ? ጨዋታው ሳይጀመር ‘አለች’ ወይ ‘የለችም’ ብለህ በብጣሽ ወረቀት ጻፍና ለአናጺው ስጥ።»

ሰባተኛው እሁድ ላይ አሰልጣኝ ጨዋታውን ትቶ ልጅ ሲፈልግ ዋለ። ከተመልካች ኋላ ዞረ፣ ከቆመ መኪና ሥር አጎንብሶ አየ፣ የአንዲትን ሴትዮ ጃንጥላ ሳይቀር ገለጠ፤ ሴትየዋም በጃንጥላዋ ጀርባውን አቀመሰችው። ስምንተኛው ላይ ፍለጋው ቀነሰ። ዘጠነኛው ላይ ሰለቸው፤ ሌላ የሚያየው ስላልነበረው ኳሱን ማየት ጀመረ።

ድንቢጥ ሳንቲሙ «ሂጂ» ባላት ቀን ከእናቷ ጋር በእንጨት ሽታ ውስጥ ተንበርክካ በርብራቡ ታያለች። ጎል ሲገባ እንዳትጮህ እጅጌዋን ትነክሳለች።

አሥራ ሁለተኛው ጨዋታ ሲያልቅ ብጣሾቹ ከአናጺው የሚስማር ቆርቆሮ ውስጥ ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። ተደብቃ ካየቻቸው ሦስቱ ሁለቱን አሸንፈዋል፣ አንዱን ተሸንፈዋል። ቤት ከቀረችባቸው ሦስቱ አንድ አሸንፈው፣ አንድ እኩል ወጥተው፣ አንድ ተሸንፈዋል። አጎቷ ከስድስት ግምቱ ያገኘው ሁለቱን ነው።

ድንቢጥ ወንበር ላይ ወጣች። «እግረ እርጥብ ነኝ! ስደበቅ ሁለት አሸነፉ፣ ስቀር አንድ!»

«ውረጂ» አለቻት እናቷ።

«ለምን?»

«በሦስት ጨዋታ ነው እሱ ገደ ቢስ ያለሽ። በሦስት ጨዋታ እግረ እርጥብ ነኝ ልትዪ ነው?»

ልጅቷ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ደስታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ እናትየው ልቧ ተነካ፤ ግን ቃሏን አልመለሰችም። ድንቢጥ ወረደች። ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች እንደገና ቆጠረች።

«ታዲያ ምንድን ነኝ?»

«ቁጥሩ ምን ይላል?»

«...እግሬ ሲደበቅ ምንም የሚያደርግ አይመስልም ይላል። ግን ስድስት ጨዋታ ትንሽ ነው።»

«እንደሱ ብለሽ ጻፊው።»

በማግሥቱ ጎሚስታው ሱቅ ደጃፍ ተጫዋቾቹ ተሰበሰቡ፤ ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ነበሩ። ድንቢጥ የተገለበጠ ጎማ ላይ ቆማ ደብተሯን አነበበች። ያልተረጋገጠውን እያመነታች፣ ያየችውን ጮክ ብላ አነበበች። «አጎቴ ዞሮ አየኝ» የሚለው ጋ ስትደርስ ሦስቱን ጨዋታ ሳታስቀር አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደጋገመችው። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ወደ መጨረሻው ማንም አልሳቀም። አሥር ቁጥር ለባሹ ልጅ ጫማውን ያያል።

አሰልጣኝ ከመነዳሪውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ፊቱ ቀላ፤ የሚቆጣ መስሎ ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜ?» አለ።

«አንዱን ተሳስቼ ይሆናል፣ አጎቴ» አለች ድንቢጥ። «እርሳሴ ተሰብሮ ነበር።»

ሰውየው ከመነዳሪውን አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እኔ በሰፈሩ ሰው ፊት ገደ ቢስ ብያት ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «የእሷ እግር ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ ቡድኑን ሳምሰው የነበርኩት። አሥር ቁጥር፣ አንተንም በድዬሃለሁ።» ከዚያ ለእህቱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «በቃሽ ወይስ ይቀራል?» አላት።

«እሷን ጠይቃት» አለችው።

ድንቢጥ ደብተሯን ዘጋች። «አንድ ጥያቄ አለኝ። አምና ‘ግብ ጠባቂያችን በግራ በኩል ደካማ ነው’ ብለህ ነበር። እንዴት አወቅህ?»

ያኔ ነው ሁሉም እንደገና የሳቀው፤ አሰልጣኝም አብሮ ሳቀ።

የመጨረሻው ጨዋታ ያለ ሳንቲም ነበር። ድንቢጥ ከተመልካቹ ሁሉ ፊት ቁጭ ብላ፣ እጅጌዋን ሳትነክስ፣ እንዳሻት ስትጮህ ዋለች። ቡድኑ አራት ለባዶ ተሸነፈ። አሰልጣኝ አንድም ጊዜ ዞሮ አላያትም። ሲመሽ ሦስቱ አብረው ወደ ቤት ሄዱ፤ እሱ ስለ ተከላካዮቹ እያማረረ፣ ልጅቷ ከአራቱ ጎል ሦስቱ በቀኝ በኩል መግባታቸውን እያስረዳችው፣ እናትየው ሁለቱንም ዝም ብላ እያዳመጠች።